ሦስት ልጆች፣ አንድ ማክቤዝ፦ ባሕር ዳር ላይ የተደረገ የሥነ ጽሑፍ ፈተና ዝግጅት

ይህ ጽሑፍ እዚህ ባሕር ዳር ለካምብሪጅ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ፈተና ስለተዘጋጁ ልጆች ነው። እኔ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ልጆቹን ያስጠናሁት ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ የአንዷ ቤት በረንዳ ላይ ነው። ስማቸውንም ትምህርት ቤታቸውንም አልጠቅስም። ጉዳዩን በዝርዝር መጻፍ የፈለግኩት ችግሩ የእነሱ ብቻ ስላልሆነ ነው። ልጁ እንግሊዝኛ ይችላል። መጽሐፉን አንብቦታል። ኖቱን ሸምድዶታል። ድርሰቱ ግን ነጥብ አያመጣም። ወላጅም መምህርም "ምን ጎደለው?" ብለው ግራ ይጋባሉ።

ነገሩ የተጀመረው በአንዷ ልጅ ነው። ቤተሰቦቿ ለሥራ ናይሮቢ ይኖሩ ነበር። እዚያ አይጂሲኤስኢ የሚባለውን፣ በዚሁ የካምብሪጅ ፈተና የሚያልቀውን የሁለት ዓመት ትምህርት አጋምሳ ሳለ ወደ ባሕር ዳር ተመለሱ። እናቷ "ልጄ የለፋችበት ሜዳ ላይ አይቀርም" ብለው በግል ተፈታኝነት አስመዘገቧት። ፈተናውን የምትቀመጠው አዲስ አበባ ነው። የአክስቷ ልጅም "እሷ ከተፈተነች እኔስ?" ብሎ ተመዘገበ። እሱ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ እንግሊዝኛውን በትምህርት ቤትና በፊልም የተማረ ልጅ ነው። ሦስተኛዋ ጎረቤታቸው ናት። ክፍያው ለቤተሰቧ የሚሞከር ስላልነበር አልተመዘገበችም። ማንበብ ግን ትወዳለች። "ቲቸር፣ ቁጭ ብዬ ላዳምጥ?" አለችኝ። መጣች፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልቀረችም።

ፈተናው ምን እንደሚፈልግ ሳይታወቅ ስለ ዝግጅቱ ማውራት ስለማይቻል አጠር አድርጌ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ወረቀት ግጥምና ልብ ወለድ ነው። 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ይሰጣል። ሁለት ጥያቄ ይመለሳል፤ እያንዳንዱ 25 ነጥብ ይይዛል። መጽሐፍ ይዞ መግባት የለም። ለግጥሙ ቀድመው የተመረጡ 15 ግጥሞች ይጠናሉ። ከጠቅላላው ውጤት ግማሹ እዚህ ወረቀት ላይ ነው። ቀሪው ግማሽ፣ የእኔ ተማሪዎች በመረጡት መንገድ፣ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ተውኔት ነው፣ ለእኛ የሼክስፒር ማክቤዝ፤ በ45 ደቂቃ አንድ ጥያቄ ይመለሳል፣ መጽሐፉንም ይዞ መግባት ይቻላል። ሌላው ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁት ጽሑፍ ነው። አንድ ግጥምና አንድ ስድ ንባብ ይቀርባል፤ ተፈታኙ አንዱን መርጦ በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይጽፋል።

ነጥቡ የሚሰጠው በአራት መመዘኛ ነው። ጽሑፉን ማወቅ፣ ከላይ ከሚታየው ዘልቆ መረዳት፣ ጸሐፊው በቋንቋና በቅርጽ ምን እንዳደረገ ማሳየት፣ አንባቢው ራሱ ምን እንደተሰማውና እንዳሰበ መግለጽ። አራቱም እኩል ክብደት አላቸው። የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ። ሩብ የሚሆነው ነጥብ ለአንባቢው ለራሱ ምላሽ የተተወ ነው። በእኛ አገር የፈተና ልማድ ይህ እንግዳ ነገር ነው። እኛ "የተሰማህን ጻፍ" የሚባለው ለመዝናኛ እንጂ ለነጥብ አይመስለንም።

ልጆቹ መጀመሪያ የጻፉትን ሳየው ችግሩ ወዲያው ገባኝ። ሁለቱም ከዩቲዩብና ከቴሌግራም የሰበሰቡት ወፍራም ኖት ነበራቸው። ኖቱ ጥሩ ነው። ግን አብዛኛው የተዘጋጀው እንግሊዝ አገር ለሚሰጠው፣ ጂሲኤስኢ ለሚባለው ሌላ ፈተና ነው። እዚያ ጽሑፉ ከተጻፈበት ዘመን ጋር ያለው ግንኙነት ራሱን የቻለ መመዘኛ ነው። በካምብሪጁ ፈተና ግን የታሪክ መረጃ ለብቻው ተቆርጦ ሲለጠፍ የሚያስገኘው ነገር የለም፤ ከጽሑፉ ጋር መያያዝ አለበት። ልጆቹ ይህን ልዩነት የነገራቸው ሰው አልነበረም። የልጁ ድርሰት የሚጀምረው ሼክስፒር እ.ኤ.አ. በ1564 ተወለደ ብሎ ነው። ቀጥሎ የዘመኑ ንጉሥ ጄምስ መጣ። ቀጥሎ ንጉሡን ለመግደል የተጠነሰሰው የ1605ቱ የባሩድ ሤራ መጣ። ማክቤዝ ራሱ ብቅ ያለው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። እሱም ሲመጣ ታሪኩ ተተረከ፣ "ይህ የጸጸትን ጭብጥ ያሳያል" ተባለ፣ አለቀ።

የልጅቷ የተሻለ ነበር። ግን ያንን የመሰለ ድርሰት ያለምንም ማጋነን በሺህ የሚቆጠር ተፈታኝ ሊጽፈው ይችላል። ለአንድ ትዕይንት የተባለውን ሁሉ ታውቃለች። "አጫጭር ንግግሮቹ ውጥረት ይፈጥራሉ" ብላ ጽፋለች። "እንዴት?" ስላት ዝም አለች። ኖቱ እዚያ ላይ ያበቃል።

ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣን። ኖቱ አይጣልም፣ ግን የሚከፈተው ከጻፉ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጽሑፉ ይነበባል፣ ከዚያ ይጻፋል፣ በመጨረሻ ኖቱ ይታያል። እናቷ ይህን ሲሰሙ ደስ አላላቸውም። "መምህር፣ እኔ ይህን ሁሉ ብር ከፍዬ፣ ያጠናችውን አስጥለው ልጄን ባዶዋን ሊያስገቧት ነው?" አሉኝ። ስጋታቸው ይገባኛል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ፤ እኔም ያልኳቸው እሱኑ ነው። ነጥብ የሚያመጣው ልጅቷ ገጹ ላይ አይታ የምትጽፈው ነው፣ ኖቱ ደግሞ ያየችውን ለማመሳከር ይጠቅማታል አልኳቸው። ለትንሽ ጊዜ ይሞከርና ካልሠራ ወደ ድሮው እንመለሳለን ተባብለን ተስማማን።

የመጀመሪያው ሥራ ተውኔቱን ወደ ጆሮ ማስገባት ነበር። የሼክስፒር እንግሊዝኛ 400 ዓመት ያለፈው ነው፤ እንግሊዛዊ ልጅም ይቸገርበታል። እኛ ደግሞ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመው ማክቤዝ አለን። እሱን ጮክ ብለን እየተቀባበልን አነበብነው። ማን ማንን ገደለ የሚለው ጭንቀት ከመንገድ ወጣልን። ፈተና ላይ የሚጠቀሰው እንግሊዝኛው ነው፤ እሱን አስረግጬ ነግሬያቸዋለሁ። ሆኖም ልጆች ተውኔት መድረክ ላይ የሚነገር ነገር መሆኑን እንዲሰማቸው የራሳቸውን ቋንቋ የመሰለ ነገር አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን በአንድ ትዕይንት ላሳያችሁ። ሁለተኛው ገቢር፣ ሁለተኛው ትዕይንት ነው። ማክቤዝ ንጉሡን ገድሎ ወጥቷል። ሚስቱ እየጠበቀችው ነበር። ሲገናኙ የሚለዋወጡት ንግግር አንድና ሁለት ቃል ነው። መቼ? አሁን። ስወርድ? አዎ። ጎረቤታቸው ልጅ ኖት የሚባል ነገር ስላልነበራት "እነዚህ ሰዎች ግን ለምን አንድ ሙሉ ነገር አይናገሩም?" ብላ ጠየቀች። ሌሎቹ "ውጥረት ነው" አሏት። አልተዋጠላትም። "እሺ፣ ተነሡና አንብቡት" አልኳቸው። ሁለቱ ቆመው በመደበኛ ድምፅ አነበቡት። ምንም አልሆነም። "ንጉሡ የተገደለው የት ነው?" አልኩ። "እነሱ ቤት።" "ሌላ ማን አለ?" ገጹን መፈለግ ጀመሩ። ከጥቂት መስመር በኋላ፣ በሁለተኛው ክፍል ውስጥ የተኛው የንጉሡ ልጅ እንደሆነ ተጽፏል። ልጁ ብድግ አለ። "ቤቱ ውስጥ ሰው ተኝቷላ! እያንሾካሾኩ ነው እኮ!"

እንደገና በሹክሹክታ አነበቡት። አሁን ሁሉም ነገር ሌላ ሆነ። አንዱ ጠይቆ ሌላው እስኪመልስ ያለው ዝምታ ያስፈራል። ሼክስፒር በስንኝ የሚጽፈውን ንግግር እዚህ ጋ ለምን እንደሰባበረው ገባቸው። ባልና ሚስቱ አንድ ስንኝ እንኳ ይዘው መዝለቅ አቅቷቸዋል። ልጅቷ ይህን በራሷ እንግሊዝኛ ጻፈችው። በአማርኛ ሲሆን እንዲህ ይመስላል፦ "የሚያወሩት ቃል ቃል እየቆነጠሩ ነው፣ ምክንያቱም አጠገባቸው የተኛ ሰው አለ። ግን የሚፈሩት መሰማትን ብቻ አይደለም። ረጅም ዓረፍተ ነገር ቢናገሩ ያደረጉትን ነገር በስሙ መጥራት ይኖርባቸዋል። እኔ ሳነበው ትንፋሼን ይዤ ነበር።" ይህን ከድሮው "ውጥረት ይፈጥራሉ" ጋር አስተያዩት። ማስረጃ አለ፣ ቅርጹ ተብራርቷል፣ ከላዩ ዘልቃለች፣ የራሷ ምላሽም አለ። አራቱም መመዘኛ አንድ አጭር አንቀጽ ውስጥ ገብተዋል። እናቷም ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን አንብበው ከዚያ ወዲያ ስለ ኖቱ አላነሡብኝም።

እዚያው ትዕይንት ላይ ልጁም የራሱን አገኘ። ማክቤዝ የሚናገረው ነገር አለ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች ከእንቅልፋቸው ባንነው ነበር። አንዱ እግዚአብሔር ይባርከን ሲል ሌላው አሜን ብሏል። ማክቤዝ ግን አሜን ማለት አቃተው፤ ቃሉ ጉሮሮው ላይ ተጣበቀ። ልጁ ሰንበት ትምህርት ቤት ያገለግላል። ይህን ሲያነብ መልኩ ተለወጠ። "ቲቸር፣ አሜን ማለት እኮ ትንሹ ነገር ነው። ጸሎቱን የማያውቅ ሕፃን እንኳ አሜን ይላል" አለ። ከዚያ በሼክስፒር ልደት ሳይሆን በዚህ ጀመረ። ማክቤዝ የተከለከለው ትልቁን ጸሎት አይደለም፣ ማንም የሚችለውን ነው ብሎ ጻፈ። ሰውየው ወደዚያው ነገር ተመልሶ "ለምን አሜን ማለት አቃተኝ?" ማለቱን አስተዋለ። ገዳይ ሆኖ ሳለ ለቡራኬ ያለውን ጉጉት አየ። "እጠላዋለሁ፣ ግን እዚህ ጋ አሳዘነኝ" ብሎ ጨረሰ። ያን ቀን ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የራስ ምላሽ ሲባል ስለ ራስ ሕይወት ገጽ መሙላት አይደለም። ልጁ ቀጥሎ በጻፈው ላይ ስለ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ግማሽ ገጽ ተረከልኝ። ያንን ቆረጥነው። ከቤተ ክርስቲያን ያመጣው ስሜት ገጹ ላይ ያለውን እንዲያይ ረድቶታል። ፈታኙ ሊያነብ የሚፈልገው ያየውን ነው።

ከባዱ የማይታወቀው ግጥም ነበር። ይህ ልጅ አያቱ ባለቅኔ ናቸው። ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው። ሰምና ወርቅ ሲፈታ እየሰማ ነው ያደገው። ስለዚህ ማንኛውም ግጥም ሲቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄው "ወርቁ ምንድን ነው?" ነው። ስለ አሮጌ ቤት የሚያወራ ግጥም ሰጠሁት። በሁለት ደቂቃ ውስጥ "ቤቱ አገር ነው" አለ። ከዚያ በኋላ የጻፈው ሁሉ ስለ አገር ነው። የሚንጣጣው በር፣ ግድግዳው ላይ የቀረው የሥዕል ምልክት፣ የደረጃው ብርድ፣ ሁሉም ተረሳ። ግጥሙ እንደ እንቆቅልሽ ተፈታና ተጣለ።

ብዙ መምህር እዚህ ጋ "ቅኔውን ተወው" ይላል። እኔ አላልኩም። የቅኔ ትምህርት ለዚህ ልጅ ትልቅ ሀብት ሰጥቶታል። አንድ መስመር ላይ ተመልሶ ተመልሶ መቆየት አይሰለቸውም። አንድ ነገር በሁለት በኩል ሲሰማ ቶሎ ይነቃል። የፈተናው ጥያቄ ግን "ገጣሚው ይህን ስሜት እንዴት ሕያው አደረገው?" ዓይነት ነው እንጂ "ምን ማለቱ ነው?" ብቻ አይደለም። ስለዚህ የተስማማነው ሰሙን ሳይጨርስ ወርቅ እንዳይቆፍር ነው። በሩን በደንብ ይየው። ለምን ድምፅ አለው? ለምን እዚህ ስንኝ ላይ? ቤት መምቻው የት ጋ ይሰበራል? ከዚያ በኋላ አገር ከመጣ ይምጣ፣ ያውም "ምናልባት" ተብሎ። አንድ ግጥም ሁለት ንባብ ሊኖረው እንደሚችል መጻፍ ነጥብ አያስቀንስም፣ እንዲያውም ያስጨምራል። ይህ ነገር ጊዜ ወሰደ። አያቱ ሲሰሙ ግን "እኛም ተማሪውን ሰሙን አጥብቀህ ያዝ እንላለን" አሉት አሉ። ከእኔ ምክር ይልቅ የእሳቸው ገባው።

ልጅቷ የነበረባት የተለየ ነው። እሷ ዘይቤ ትቆጥራለች። እዚህ ተለዋጭ አለ፣ እዚህ ሰውኛ አለ፣ እዚህ ድምፅ ተደጋግሟል። ትክክል ነው፣ ግን ለምን እንዳለ አትናገርም። ይህን ለማስተው ሦስቱንም ጣና ዳር ይዣቸው ወጣሁ። ከዘጌ በኩል እንጨት የጫነ ታንኳ እየመጣ ነበር። "ሦስት ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ" አልኳቸው። ልጁ የጻፈው ስለ ቀዛፊው ክንድ ነው። ጎረቤታቸው የጻፈችው ውኃው ከታንኳው ጠርዝ ጋር ሊገናኝ ምን ያህል እንደቀረው ነው። ልጅቷ የጻፈችው ስለ እንጨቱ ክምር ነው፣ ሰውየው የለበትም። አንድ ታንኳ፣ አንድ ሰዓት፣ ሦስት የተለያየ ጽሑፍ። "ሰውየውን ለምን አወጣሽው?" አላት የአክስቷ ልጅ። "ጭነቱ እንዲከብድ ፈልጌ" አለች። "በቃ፣ ግጥሙንም እንዲህ ጠይቂው" አልኳት። ጸሐፊ ዓይናችንን ወዴት እንደሚያዞርና ምን እንደሚደብቅብን መጠየቅ የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። ዘይቤዎቹን አሁንም ታገኛቸዋለች። ግን ሥራቸውን ጠይቃ ካልነገራት ዘይቤ ጋር ጊዜ አታጠፋም።

የቀረውን ቶሎ ልለፈው። መብራት ሲጠፋና ዳታ ሳይሠራ ቪዲዮ የለም። እኛ የሠራነው ኮፒ ቤት ባሳተምናቸው የድሮ ፈተናዎች ስለነበር ብዙም አልተጎዳንም። ሁሉም ድርሰት በእጅ ይጻፍ ነበር፣ ፈተናውም በእጅ ነውና። ለተውኔቱ 45 ደቂቃ እንዲህ አከፋፈልነው፦ 10 ደቂቃ ማንበብና ማቀድ፣ 30 ደቂቃ መጻፍ፣ 5 ደቂቃ ማረም። የመግቢያ አንቀጽ የሚባለውን ሐተታ ሰረዝነው፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ለጥያቄው መልስ መስጠት አለበት።

አንድ ነገር ግን ማንሣት አለብኝ፣ ብዙ ሰው አያውቀውምና። ለተውኔቱ ወረቀት መጽሐፍ ይዞ መግባት ቢቻልም መጽሐፉ ንጹሕ መሆን አለበት። ማስታወሻ፣ ማስመሪያ፣ ቀለም አይፈቀድም። የልጅቷ ማክቤዝ ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ ተሞልቶ ነበር። ከጉዞው በፊት ሁለቱ ሴቶች ልጆች ቁጭ ብለው በላጲስ አጠፉት። ልጅቷ ሆዷ ባባ። ጎረቤቷ ደግሞ "የምታውቂውን ነው የምናጠፋው፣ ምን አስጨነቀሽ?" አለቻት። መጽሐፉ ክፍት መሆኑም ቢሆን ያዘናጋል። 45 ደቂቃ ውስጥ ጥቅስ ሲፈልጉ ገጽ ማገላበጥ ጊዜ ይበላል። ዋና ዋናዎቹን ትዕይንቶች የት እንዳሉ በቃላቸው እንዲያውቁ ያደረግኩት ለዚህ ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ። ሚስቱ ከግድያው በኋላ ጥቂት ውኃ ያነጻናል ትላለች። አምስተኛው ገቢር መጀመሪያ ላይ ደግሞ በእንቅልፍ ልቧ እየተራመደች እጇን ታሻለች፣ የምትናገረውም በስንኝ ሳይሆን በዝርው ነው። እነዚህን ሁለት ገጾች ወዲያው መግለጥ የሚችል ተፈታኝ ስለ እሷ ለሚመጣ ጥያቄ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

መንገዱ አስተማማኝ ስላልነበር ሁለቱ ወደ አዲስ አበባ የሄዱት በአውሮፕላን ነው። ውጤቱ ነሐሴ ላይ መጣ። ልጅቷ ቢ፣ የአክስቷ ልጅ ሲ አገኙ። እሱ ከፍ ያለ ጠብቆ ስለነበር ትንሽ ቅር ብሎታል። እንደነገረኝ ከሆነ የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ግጥሙን በጣም ወዶት አንድ ሰዓት ጻፈበት፤ ለልብ ወለዱ የቀረው ግማሽ ሰዓት ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች እኩል 25 ነጥብ ስለሆኑ ያ ዋጋ አስከፍሎታል። ማሰብ አላነሰውም፣ ሰዓት ነው ያነሰው።

ዘንድሮ እናቷ በረንዳቸውን እንደገና ሰጥተውናል። ሌሎች ሁለት ልጆች መጥተዋል፤ እነሱም ወፍራም ኖት ይዘው። ኖት የሚከፈተው ከጻፉ በኋላ ነው የሚለውን ደንብ የነገረቻቸው ጎረቤታቸው ልጅ ናት። የእሷ ክፍያ አሁንም አልተገኘም፤ ከእናትየው ጋር ሆነን እየተሯሯጥን ነው፤ የምዝገባው ጊዜ ሳያልፍ እንደምናገኝ ተስፋ አለኝ። እስከዚያው የመጀመሪያውን ወረቀት በሰዓት እየተለማመደች ነው፤ 45 ደቂቃ ሲሞላ የግጥሙን ወረቀት ትገለብጣለች፣ ቢያልቅም ባያልቅም።